ጋሽ እሽጉ ያሸጉት ካርድ

ጋሽ እሽጉ ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። ያንን ስም መታወቂያቸው ያውቀዋል፤ ሰፈሩ ግን ከረሳው ቆይቷል። የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት መጋዘን ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በበጋ ውስጡ እንደ ምድጃ የሚግል መጋዘን ነበር፤ በዚያ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይሁን በርሜል፣ ሳሙና ይሁን ሚስማር፣ በእሳቸው እጅ ሳይታሸግ ያደረ ዕቃ የለም። የሚያሽጉበት ዘዴም የራሳቸው ነው። ቀጭን ወረቀት ይቆርጣሉ፣ ጀርባውን ሙጫ ይቀቡታል፣ ግማሹን ክዳኑ ላይ ግማሹን ጎኑ ላይ ይለጥፉታል፣ ከዚያ ፊርማቸውን ከወረቀቱ ጀምረው ዕቃው ላይ ይጨርሱታል። ፊርማው ጅራት አለው፣ ቀለበት አለው፣ መጨረሻው ላይ ሁለት ነጥብ አለው። ወረቀቱን ሳይቀድ፣ ፊርማውንም ለሁለት ሳይከፍል ዕቃውን መክፈት የሚችል ሰው አልተፈጠረም ብለው ያምኑ ነበር።

«በሥራ ዘመኔ አንዲት ብሎን አልጠፋችም» ይላሉ፣ የጠየቃቸው ሰው ኖረም አልኖረም። እውነታቸውን ነው፣ አልጠፋችም። ይህ ግን ሰው እንዲያምኑ አላደረጋቸውም። ወዛደሮቹ ሥራ ጨርሰው ሲወጡ በር ላይ ቆመው የእያንዳንዱን ኪስ ይዳብሱ ነበር። ከወዛደሮቹ መካከል ወገባቸው የጎበጠ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ እሳቸው ጋሽ እሽጉን ላለማድከም ገና ከሩቁ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ነው የሚመጡት።

ጡረታ ሲወጡ ቁልፉን ለመሥሪያ ቤቱ መለሱ፤ ማሸጉን ግን ይዘውት ቤት ገቡ። የሰነዱ ሻንጣ ታሸገ፣ የመሣሪያው ሳጥን ታሸገ፣ የስኳሩ ጣሳ ሳይቀር ታሸገ። ጠዋት ለቤቱ የሚበቃውን ስኳር በእጃቸው ቀድተው ይሰጡና ጣሳውን መልሰው ያሽጉታል። ሙጫቸው ከገበያው ሁሉ ርካሹ ነው። «ውዱም ያው ርካሹ ነው፤ ጠርሙሱን ቀይረው ነው የሚያሞኙን» ይላሉ። አንድ ነገር ግን እንቆቅልሽ ሆኖባቸው ኖሯል። የጣሳው ማሸጊያ ሁልጊዜ ደህና ነው፣ ፊርማውም ከነጅራቱ ከነነጥቡ አለ፤ ስኳሩ ግን ወሩ ሳይጋመስ ይመናመናል። መጀመሪያ የባለሱቁን ሚዛን ጠረጠሩ። ቀጥለው ጉንዳን ጠረጠሩ። በመጨረሻ «የዘንድሮ ስኳር ራሱ ክብደት የለውም» ብለው ደመደሙ። ባለቤታቸው ይህን ሁሉ እየሰሙ ብርጭቆ ማጠባቸውን ቀጠሉ።

አንድ ልጅ አለቻቸው። የቤት ንድፍ ተምራ የተመረቀች፣ በሥራ ፍለጋ ጫማዋ ያለቀ ልጅ ናት። ጠዋት ከቤት ስትወጣ አባቷ በሩ ላይ ቆመው ሁልጊዜ የሚሏት አንድ ነገር ነው፤ «ቦርሳሽን በፊት በኩል ያዢ። ማንንም እንዳታምኚ።» «እሺ አባዬ» ትላለች። ዩኒፎርም ለብሳ ትምህርት ቤት ስትሄድም ያው ነበር።

ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ አንድ የንድፍ ቢሮ በሩን ገርበብ አደረገላት። ኃላፊዋ የአንድ ቤት ፕላን ሰጠቻትና፣ «ሰው በዋናው በር ገብቶ በየክፍሉ ሲዘዋወር የሚያሳይ ፊልም አድርገሽ ሥሪልኝ። የሚመጣው ሳምንት አርብ ጠዋት አምጪው። ከወደድነው ሰኞ ሥራ ትጀምሪያለሽ» አለቻት። ልጅቷ ደረጃውን እየዘለለች ወረደች። ቤት ገብታ ኮምፒውተሯን ስታስነሳ ግን ደስታዋ በረደ።

ኮምፒውተሩ አባቷ ከመሥሪያ ቤታቸው ጨረታ ያወጡት ነው። የንብረት ቁጥሩ እስካሁን ጎኑ ላይ ተለጥፎ አለ። ጋሽ እሽጉ በዚህ ዓለም የሚያምኑት ኮምፒውተር ቢኖር እሱን ብቻ ነው፤ በመጋዘን ሳለ ራሳቸው ያሽጉት ስለነበር። ደብዳቤ ለመጻፍ ምንም አይልም። ቤት አዙር ሲባል ግን ያቃስታል። ግድግዳው ይመጣል፣ ጣሪያው ቆይቶ ይከተላል፣ መስኮቱ አንዳንዴ ጭራሽ ይቀራል። ፊልም ማድረግማ የማይታሰብ ነው። አዲስ ኮምፒውተር ደግሞ ለዚያ ቤት የሰማይ ያህል ሩቅ ነበር፤ ልጅቷ ዋጋውን ጠይቃ የመጣች ቀን እራት አልበላም አለች።

ስለዚህ ወደ ጠጋኙ ሄዱ። ልጅቷ ኮምፒውተሩን አቅፋ ከፊት፣ አባቷ ግራ ቀኙን እየቃኙ ከኋላ። ጠጋኙ በአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያስቆም ሱቅ ውስጥ ያገለገሉ የኮምፒውተር ዕቃዎችን የሚሸጥና የሚጠግን ወጣት ነው። ግድግዳው ላይ ሽቦው፣ ሰሌዳው፣ ማራገቢያው ከላይ እስከ ታች ተንጠልጥሏል። ሲያወራ አንድ ዓይኑን የመጨፈን ልማድ አለው፤ ቀኑን ሙሉ በአጉሊ መነጽር ሲያይ ስለሚውል ነው። ጋሽ እሽጉ ምክንያቱን አልጠየቁም። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያወራ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው ብለው እዚያው ፋይል ከፈቱበት።

ጠጋኙ ሳጥኑን ፈትቶ ውስጡን አየ። «ይኼ እኮ ደህና ማሽን ነው፤ እንዳትጥሉት» አለ። «የደከመው ግራፊክስ ካርዱ ነው። ሥዕሉን ሠርቶ ወደ ስክሪኑ የሚልከው እሱ ነው። እሱን ብቻ ብንቀይረው ይበቃችኋል።»

«አዲስ ነው የምትሰጠን?» አሉ ጋሽ እሽጉ።

«አዲሱ ይወደድባችኋል ጋሼ። ያገለገለ አለኝ፣ ደህና ነው።»

«ደህና ከሆነ ባለቤቱ ለምን ሸጠው?»

«የተሻለ ገዝቶ ነዋ።»

«ይኼ ደህና ከሆነ የተሻለ ለምን አስፈለገው?»

ጠጋኙ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ልጅቷ የምትገባበት ጠፋት፤ ወሬ ለማስቀየር ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለ አንድ ረጅም ካርድ አመለከተች። «ያኛውስ? ዋጋው ብዙ አይራራቅም።»

«እሱ ለእናንተ አይሆንም» አለ ጠጋኙ። «አንደኛ ለብቻው የኃይል ገመድ ይፈልጋል፤ የእናንተ ማሽን ያ ገመድ የለውም። ሁለተኛ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባም አይመስለኝም። ትንሹ ግን ከሰሌዳው ላይ በሚያገኘው ኃይል ብቻ ይሠራል።»

ጋሽ እሽጉ የባለቤታቸውን የልብስ መለኪያ ሜትር ከኪሳቸው አወጡ። ረጅሙን ካርድ ለኩ፣ የሳጥኑን ውስጥ ለኩ፣ እንደገና ለኩ። ልጁ እውነቱን ነበር፣ አይገባም። ይህ ይበልጥ አላማራቸውም። ውዱን አትግዙ የሚል ነጋዴ አይተው አያውቁም።

«አሮጌውን ካርድ ከሰጣችሁኝ ከዋጋው እቀንስላችኋለሁ» አለ ጠጋኙ።

«ምን ሊያደርግልህ?»

«አንዳንድ ክፍሎቹ ለጥገና ይጠቅሙኛል።»

«ላንተ ከጠቀመ ለኛም ይጠቅማል» አሉና ሳይቀነስላቸው ሙሉውን ከፈሉ፤ ልጅቷ ካጠራቀመችው ላይ ከጡረታቸው ጨምረው። ያ አሮጌ ካርድ ዛሬም ድረስ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ታሽጎ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ምን እንደሚያደርጉበት እሳቸውም አያውቁም።

ኮምፒውተሩን ሱቁ ትተው መሄድ የማይሆን ነገር ነው፤ ስለዚህ ጠጋኙ ካርዱን ቤታቸው መጥቶ ገጠመላቸው። ጋሽ እሽጉ ባትሪ ይዘው አጠገቡ ቆሙ። የሚያበሩት ግን ሥራው ላይ ሳይሆን እጁ ላይ ነበር። እጁ ወደ ኪሱ በሄደ ቁጥር ብርሃኑም ወደ ኪሱ ይሄዳል። ልጁ ላቡን የሚጠርግበት መሐረብ እስኪያወጣ ድረስ ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቁታል።

ሳጥኑ ተዘጋና ልጅቷ የፕላኑን ቤት በስክሪኑ ላይ ከፈተች። ቤቱ ዞረ። ግድግዳው ከጣሪያው፣ መስኮቱ ከመጋረጃው ጋር እኩል ዞረ። በሩ ተከፈተና ሳሎን ተገባ። ልጅቷ በደስታ ጮኸች። እናቷ «ወይ ጉድ፣ ወጥ ቤቱ ይኼን ያህል ይሰፋል?» ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ጋሽ እሽጉ እንኳ ለአንድ አፍታ ባትሪያቸውን ማጥፋት ረስተው ቆመው ነበር።

ነገሩን ያበላሸው ጠጋኙ ሻዩን ጠጥቶ ሲነሳ የተናገረው ነው። «ያገለገለ ዕቃ ስለሆነ ከጥቂት ቀን በኋላ መጥቼ ሙቀቱን አይላችኋለሁ። ሒሳብ የለውም፣ በነፃ ነው።»

በነፃ! ልጁ ገና የግቢውን በር ሳይዘጋ ጋሽ እሽጉ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «ሰምተሻል? በነፃ አለ። ሰው በነፃ ቤትሽ የሚመላለሰው የሚወስደው ነገር ሲኖር ነው። ጥሩውን ካርድ አሳይቶን፣ እኔ በሌለሁበት መጥቶ በሞተ ሊለውጠው ነው። ወይ ካርዱን፣ ወይ ልጄን!»

«ልጅቷን እንዳይወስዳት እሷንም እሸጋታ» አሉ ባለቤታቸው።

ጋሽ እሽጉ ለቀልድ ጊዜ አልነበራቸውም። በማግስቱ ልጅቷ የቤት ዕቃ መደብር ሄዳ የሶፋና የመጋረጃ ቀለም ስታይ፣ እናቷም ገበያ ሲወጡ፣ በሩን ቆለፉና ካቻቢቴያቸውን ይዘው ሳጥኑን ከፈቱ። ካርዱ መዳፍ የምታህል ነገር ናት፤ አንዲት ማራገቢያ ብቻ ናት ያለቻት። ወረቀት ቆረጡ፣ ሙጫ ቀቡ፣ አንዱን ጫፍ ካርዱ ጠርዝ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ የሳጥኑ ብረት ላይ ለጠፉ፤ ልክ በማራገቢያዋ አናት። ፈረሙ። ጅራት፣ ቀለበት፣ ሁለት ነጥብ። ለማንም አልተናገሩም። ልጁን እጅ ከፍንጅ ሊይዙት ነው።

ጠጋኙ በቃሉ መሠረት ረቡዕ ዕለት መጣ። እንደ ክፉ አጋጣሚ ጋሽ እሽጉ የጡረታ ሰልፍ ላይ ነበሩ። ሲመለሱ ጠረጴዛው ላይ ሁለት የሻይ ብርጭቆ አዩ።

«ማን ነው የመጣው?»

«ጠጋኙ ነው አባዬ። ሙቀቱን አይቶ ሄደ።»

«ሳጥኑን ከፍቶት?»

«አልከፈተውም። ጎኑን በእጁ ዳሰሰና ደህና ነው አለ።»

«እና አንቺ አመንሽው?» አሉና ካቻቢቴ ሊያመጡ ተነሡ። ልጅቷ ግን ከወንበሯ አልነቃነቅም አለች። የሳሎኑ መብራት ገና አልተሠራም፣ ደረጃው ገና አልተቀባም፣ ያላት ጊዜ ያ ቀንና ሐሙስ ብቻ ነው። ጋሽ እሽጉ ጥርጣሬያቸውን ይዘው አደሩ፤ እንቅልፍም አልወሰዳቸው።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ልጅቷ የመጨረሻውን ትእዛዝ ሰጠች። እስካሁን የሠራችውን ሁሉ ኮምፒውተሩ ሥዕል በሥዕል አዘጋጅቶ አንድ ፊልም ያደርገዋል፤ ይህ ደግሞ እስከ ማታ የሚፈጅ ሥራ ነው። እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ብዙም ሳይቆይ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። እንደገና አስነሳችው፤ ጥቂት ሠርቶ እንደገና ጠቆረ። ከሳጥኑ ውስጥ የጋለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ። ልጅቷ ድምፅ ሳታሰማ ማልቀስ ጀመረች።

«አላልኩም? አላልኩም ወይ?» አሉ ጋሽ እሽጉ። ልጃቸው እያለቀሰች እሳቸው ትክክል በመሆናቸው ትንሽ ደስ ብሏቸው ነበር፤ ኋላ ላይ ይህን ሲያስቡት ነው ራሳቸውን የጠሉት። ኮታቸውን ደርበው ወደ ደረጃው ሥር ገሰገሱ።

ሱቁ ደጃፍ ላይ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። አንዱ ኮምፒውተሩን አስረክቦ ሊሄድ ነው።

«አንተ ሌባ!» አሉ ጋሽ እሽጉ፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪዞር። «ካርዱን የት አደረስከው?»

«የቱን ካርድ ጋሼ?»

«ትናንት እኔ በሌለሁበት ገብተህ የለወጥከውን! ይኸው ዛሬ ሞተ። የልጄን እንጀራ ነው የዘጋኸው።»

ጠጋኙ ካቻቢቴውን አስቀመጠ። ፊቱ ጠቁሯል፣ ድምፁ ግን ከፍ አላለም። «ማራገቢያው ይዞራል ወይ? አይተውታል?»

«ማራገቢያውን ተወውና ለጥያቄዬ መልስ ስጠኝ!»

«እንግዲያው ካርዱን ነቅለው ያምጡልኝ፣ ገንዘብዎን እመልስልዎታለሁ። ሌላ የምለው የለኝም።»

ኮምፒውተሩን ሊያስረክብ የነበረው ሰው ይህን ሲሰማ ዕቃውን ቀስ ብሎ ከጠረጴዛው ላይ አነሣና ሄደ። ጋሽ እሽጉ አዩት። ደግ አደረገ አሉ በልባቸው።

ቤት ሲደርሱ ባለቤታቸውንና ልጃቸውን ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጧቸው። «አሁን ማስረጃውን ታያላችሁ» አሉ። «አባትሽ ሞኝ አይደለም። ካርዱን በፊርማዬ አሽጌዋለሁ። ልጁ ነክቶት ከሆነ ማሸጊያው ይናገራል።» ባለቤታቸው «ምን? ኮምፒውተሩን ውስጡን?» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ሳጥኑ ተከፈተ።

ማሸጊያው ከቦታው ተነሥቷል።

«ይኸው!» ብለው ጮኹ ጋሽ እሽጉ። «ይኸው ተከፍቷል! አሁንስ ምን ትላላችሁ?»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየች። ወረቀቱ አልተቀደደም። አንዱ ጫፉ እንዳለ ተላቆ፣ ተጠቅልሎ፣ ወደ ታች ወርዶ የማራገቢያዋ ክንፎች መካከል ተወትፏል። ሌላው ጫፍ አሁንም ብረቱ ላይ ተለጥፎ ማራገቢያዋን እንደ ልጓም ይዟታል። ልጅቷ ወረቀቱን በጥፍሯ ቀስ ብላ አወጣችውና ማራገቢያዋን በጣቷ ገፋ አደረገቻት። አልዞረችም።

«በሙቀት ተላቆ ነው አባዬ» አለች። «ማራገቢያውን የያዘው ይኼ ነው።»

«የኔ ማሸጊያ አይላቀቅም! ይቀደዳል እንጂ አይላቀቅም። ሰው ነው ያላቀቀው። ስንት ዓመት የሠራሁበትን ለኔ ልትነግሪኝ ነው?»

ባለቤታቸው ተነሥተው ወጥ ቤት ገቡ። በራዱን ጥደው ውኃው እስኪፈላ ጠበቁ፤ ጋሽ እሽጉም እየተነጫነጩ ተከተሏቸው። ከዚያ ባለቤታቸው የስኳሩን ጣሳ አወረዱ፤ ጠዋት የታሸገ፣ ፊርማው ያለበት ጣሳ። ማሸጊያውን ወደ እንፋሎቱ አስጠጉት። ወረቀቱ ጫፉን አነሣ፣ ትንሽ ተጠቀለለ፣ ከዚያ ከነፊርማው፣ ከነጅራቱ፣ ከነሁለት ነጥቡ ሙሉ ሆኖ እጃቸው ላይ ወደቀ።

«ሙጫህ ሙቀት አይችልም» አሉ ባለቤታቸው። «ሲደርቅ መልሼ እለጥፈዋለሁ። ከስኳሩ የምወስደው እኔ ነኝ። ሻዬ እንደ ልቤ ሳይጣፍጥልኝ ዕድሜዬን ልፍጅ እንዴ? ሚዛን ጠረጠርክ፣ ጉንዳን ጠረጠርክ፣ እኔን ግን አንድ ቀን አልጠረጠርክም።»

ጋሽ እሽጉ በራዱን ያያሉ፣ ጣሳውን ያያሉ፣ ባለቤታቸውን ያያሉ። በሌላ ቀን ቢሆን ሦስቱም በሳቁ ነበር። ልጅቷ ካርዱን ነቅላ በጨርቅ ጠቅልላ መጣችና ዘረጋችላቸው።

«አባዬ፣ ነገ አርብ ነው» አለች።

ያ መንገድ ከዚያ በፊት በጋሽ እሽጉ ላይ እንደዚያ ረዝሞ አያውቅም። ሱቁ ሲደርሱ ጠጋኙ ብቻውን ነበር።

«ቅድም የነበሩት ሰዎች የት ሄዱ?» አሉት።

«ሄዱ ጋሼ።»

«እነሱ ባሉበት ልነግርህ ነበር የፈለግሁት።» ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፤ ወረቀቱንም አጠገቡ። «ሌባ ያልኩህ እኔ ነኝ፣ ያበላሸሁትም እኔ ነኝ። እንዳትነካው ብዬ ያሸግሁት ወረቀት ነው ማራገቢያውን የያዘው። አጥፍቻለሁ። ልጄ ግን ነገ ነው ሥራዋን የምታስረክበው። እኔን ተወኝና እሷን እርዳት።»

ጠጋኙ ወረቀቱን አንሥቶ በአጉሊ መነጽሩ አየው። «ፊርማዎ ግን ያምራል» አለ። ጋሽ እሽጉ ከልቡ ነው ወይስ ያሾፍብኛል ብለው ጠረጠሩ፤ ልማድ ነው። ልጁ ካርዱን ገለባበጠው። «ካርዱ ሙቀት ሲበዛበት ራሱን አጥፍቶ ነው የተረፈው። የተቃጠለው የማራገቢያው ሞተር ነው። በልኩ እኔ ጋ የለም፤ ማዶ ያለው ጓደኛዬ ጋ ግን አይጠፋም። ጋሼ፣ እስክመለስ ሱቁን ያዩልኝ።»

«እኔ?»

«ሌላ ሰው የለማ» አለና መንገዱን ተሻግሮ ሄደ።

ጋሽ እሽጉ ሱቁ ውስጥ ብቻቸውን ቀሩ። መሳቢያው ገርበብ ብሎ የቀኑ ገቢ ይታያል። ጠረጴዛው ላይ የሰው ስልክ ተፈትቶ ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለው ሁሉ ቁልፍ የለው፣ ማሸጊያ የለው። ከሁለት ሰዓት በፊት በአደባባይ ሌባ ያሉት ሰው ነው ይህን ሁሉ ትቶላቸው የሄደው። መጀመሪያ የመጣባቸው ሐሳብ ወጥመድ ነው የሚል ነበር፤ የሆነ ነገር ጎደለ ብሎ ሊከሰኝ ነው። እጃቸውን ከመሳቢያው አርቀው ጉልበታቸው ላይ አጣምረው ተቀመጡ።

ከደረጃው ሥር ያለው ጠባብ ክፍል ይሞቃል። ላባቸውን ሲጠርጉ መጋዘኑ ትዝ አላቸው። የበጋው ቆርቆሮ፣ የካርቶኑ ሽታ፣ ያው ርካሽ ሙጫ። አንዳንድ ጠዋት ማሸጊያዎቹን ሲያዩ የፊርማው ጅራት ከዕቃው ላይ ካለው ጋር በጥቂቱ ሳይገጥም ያገኙት ነበር። ካርቶኑ አብጦ ነው ይሉ ነበር። አሁን ገባቸው። በራድ የሚያላቅቀውን የበጋ ቆርቆሮ አያላቅቀውም? ማሸጊያዎቹ በሙቀት ተላቀው ኖሯል፤ የሆነ ሰው ደግሞ በምራቁ እያራሰ መልሶ ሲለጥፋቸው ኖሯል፣ እሳቸው ተነሥተው ማንንም ሌባ እንዳይሉ። ያ ሁሉ ዕቃ ክፍት ነበር። አንዲት ብሎን ግን አልጠፋችም።

መጋዘኑን የጠበቁት እሳቸው አልነበሩም። እጃቸውን ከሩቁ አንስተው የሚመጡት ሽማግሌ ዓይናቸው ላይ ቆሙባቸው፤ የዳበሱት ኪስ ሁሉ ባዶ እንደነበረም አሁን አስታወሱ። አፈሩ። በዚያ ዕድሜ፣ በሰው ሱቅ ውስጥ፣ ብቻቸውን ተቀምጠው አፈሩ።

ጠጋኙ ማራገቢያ ይዞ ተመለሰ። ቀጥታ ወደ ሥራው ነው የተቀመጠው፤ መሳቢያውን አላየውም፣ ስልኩንም አላየውም። ጋሽ እሽጉ ጠበቁ፣ ጠበቁ፤ ሊችሉት አልቻሉም።

«ቁጠረው እንጂ» አሉት።

«ምኑን?»

«መሳቢያውን። እኔ ብቻዬን ነበርኩ እኮ።»

ልጁ ቀና ብሎ አያቸውና ሳቀ። «ይልቅ ባትሪ ያብሩልኝ ጋሼ፤ እዚህ ጋ ጨልሞብኛል።»

ጋሽ እሽጉ ከኪሳቸው ባትሪያቸውን አወጡ። በዚህ ጊዜ ያበሩት ሥራው ላይ ነበር።

ፊልሙ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አደረ፤ ጠዋት ላይ አለቀ። ልጅቷ ለብሳ፣ ፊልሙን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ በሩ ላይ ደረሰች። አባቷ እንደ ወትሮው እዚያው ቆመዋል። ልጅቷም እንደ ወትሮው የሚሉትን ልትሰማ ቆመች።

«ቦርሳሽን በፊት በኩል ያዢ» አሉ ጋሽ እሽጉ።

ልጅቷ ቀሪውን ጠበቀች። አባቷ አንዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና በሩን ከፈቱላት።

«በይ ሂጂ፣ እንዳይረፍድብሽ» አሏት።